ለመንታ ልጆች ጠባብ ክፍል እንዴት ላሳምር?

የመንታ እናት፦ ሰላም እናቶች! መንታ እርጉዝ ነኝ፣ ወንድና ሴት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ለልጆቹ ያሰብናት ክፍል ሁለት አልጋና ቁም ሳጥን ከገባባት መተላለፊያ የላትም። አማቴ ደግሞ ግማሹን ሮዝ ግማሹን ሰማያዊ ቀቡት ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሳሪስ፦ ኧረ ግማሽ በግማሹን ተዪው! ጠባብ ክፍል ሁለት ቀለም ሲሆን ይብስበታል። ሁሉንም ግድግዳ ክሬም ቀቢና ሮዝና ሰማያዊውን በአንሶላና በመጋረጃ አምጪው፣ ሲሰለችሽ ትቀይሪዋለሽ። ብቻ ቀደም ብሎ ይቀባ፣ ሽታው ይውጣለት።

አባ መንታ፦ ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ እንዳትገዙ፣ ቦታ መጨረስ ነው። እኛ ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ ላይ ስፖንጅ አንጥፈን ነው የምንቀይረው፤ የላይኛው መሳቢያ የወንዱ ልብስ፣ የታችኛው የሴቷ። ግን ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። መቆም ሲጀምሩ መሳቢያውን ይዘው ይንጠለጠሉና እላያቸው ላይ ይወድቃል።

ነርሷ፦ ግድግዳውን እንደፈለግሽ፣ አልጋው ውስጥ ግን ጌጥ አይግባ። ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ ዙሪያውን የሚታሰረው ስፖንጅ፣ ሁሉም ይቅር። ሕፃን ፊቱ ከተለጠፈበት ሊታፈን ይችላል፤ አሜሪካ ያንን ስፖንጅ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ከልክላዋለች። በየአልጋቸው፣ በጀርባቸው ይተኙ። ቢያንስ እስከ 6 ወር አልጋቸው እናንተ መኝታ ቤት ቢሆን ይመረጣል፣ ስለዚህ ለክፍሉ አትጨናነቂ።

የመንታ እናት፦ ተባረኩ! ክሬም ይሁን። ለአማቴ ግን ማን ይንገርልኝ?