ቶርኔዶ የሚያሳድዱት ሰዎች ፈቃድ ያውጡ?

የትራክ ሾፌር፣ ዳላስ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስቶርም ቼዘር የምንላቸው፣ ቶርኔዶ (ከደመና ወርዶ መሬት የሚነካ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) እያሳደዱ በመኪና የሚዞሩት ሰዎች በሕግ ፈቃድ ሊጠየቁ ይገባል ትላላችሁ? በ2025 ኦክላሆማ ምክር ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥንና ለዩኒቨርሲቲ አሳዳጆች ፈቃድ ይሰጥ የሚል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። እኔ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ጭራሽ አይሂድ ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ሜይ ከዋቶንጋ ወደ ኪንግፊሸር በ33 ቁጥር መንገድ እየሄድኩ ነበር፤ ትሬለሩ ሙሉ ነው። በስተደቡብ ሰማዩ ጠቁሮ ታችኛው ጠርዙ አረንጓዴ መስሏል። ጉብታውን ወጥቼ ስወርድ መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ የአንድ ወገን ጎማቸው አስፋልቱ ላይ ነው። አንዱ የካሜራውን እግር ነጩ መስመር ላይ ተክሎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አንዲት እናት ልጅ አቅፋ በመንገዱ በኩል ያለውን በር ከፍታ ወጣች። 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን መያዝ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጥሩንባውን ይዤ በሌላኛው መስመር ገብቼ አለፍኩ፤ የተረፍነው ከፊት የሚመጣ መኪና ስላልነበረ ብቻ ነው። ኪንግፊሸር ደርሼ እስክቆም ድረስ እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም።

ነርስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፦
እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ወንድሜ። ግን አልስማማም። ሜይ 20 ቀን 2013 ቶርኔዶው ሙር ከተማን ሲመታ ሁለት ልጆቼን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስተኝቼ፣ ፍራሽ ደርቤባቸው፣ እኔ ከላይ ተኝቼ ነበር። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ እስከ ጣሪያ ተለቋል። የት ደረሰ የሚለውን የመንገድ ስም እየጠሩ ይነግሩን ከነበሩት መካከል በመኪና የሚከተሉት ይገኙበታል። 24 ሰው ሞቷል። እነሱ ባይኖሩ ስንት ይሆን ነበር?

ራዳር ሁሉን አያይም። ከጣቢያው በራቅክ ቁጥር ጨረሩ ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ቶርኔዶው መሬት መንካቱን የሚያረጋግጠው የሰው ዓይን ነው። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ስካይዋርን በሚባለው ፕሮግራም ተራ ሰዎችን በነፃ የሚያሠለጥነው ለዚህ ነው። ገበሬው፣ ፖስተኛው፣ ጡረተኛው ናቸው። እነሱን ፈቃድ አምጡ ብትላቸው ማን ይቀራል?

የትራክ ሾፌር፣ ዳላስ፦
እህቴ፣ ስለ ሠለጠኑት አይደለም የምናገረው። ልጅ አቅፎ አስፋልት ላይ የሚቆመው ምን መረጃ ይሰጣል?

ጡረተኛ ሾፌር፣ ዊቺታ፦
ልጆቼ፣ ፈቃድ መፍትሔ መስሎ አይታየኝም። በማርች 2017 ቴክሳስ ውስጥ ስፐር አካባቢ፣ ለቴሌቪዥን የሚሠሩ ሁለት አሳዳጆች የስቶፕ ምልክት ጥሰው ሌላ አሳዳጅ ላይ ወጡበት። ሦስቱም እዚያው ሞቱ። እንግዲህ እነዚህ በፈቃዱ ሕግ ቢሆን መጀመሪያ ካርዱን የሚያገኙት ነበሩ።

በኤፕሪል 2022 ደግሞ ሦስት የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂ ተማሪዎች ካንሳስ ላይ ቶርኔዶ አይተው ሲመለሱ፣ ማታ በኢንተርስቴት 35 ላይ ቶንካዋ ሲደርሱ መኪናቸው በውሃው ተንሸራቶ ትራክ መታቸው። በዚያ መንገድ ዓመታት ተመላልሻለሁ፤ ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ የሚተኛውን ውሃ አውቀዋለሁ። ለልጆቹ አለቀስኩ፣ ለትራኩ ሾፌርም አለቀስኩ። ቶርኔዶው እኮ አልነካቸውም፤ የገደላቸው መንገዱ ነው። ለዚህ የሚሆን ፈቃድ ሁላችንም ኪስ አለ፣ መንጃ ፈቃድ ይባላል።

ተማሪ፣ ኖርማን፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። መንገዱን የሚያጨናንቁት አሳዳጆች ብቻ ናቸው የሚለውም መስተካከል አለበት። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ ላይ 2.6 ማይል ስፋት ያለው ቶርኔዶ ሲመጣ፣ ሙር ከተመታ 11 ቀን ብቻ ስለነበር ሕዝቡ በድንጋጤ ቤቱን ጥሎ በመኪና ወጣ። ሂዱ ወደ ደቡብ ያለም የቴሌቪዥን ሰው ነበር። ሃይዌዮቹ ቀጥ አሉ። በቶርኔዶው የሞቱት 8 ሰዎች በሙሉ መኪና ውስጥ ነበሩ። ከነሱ አንዱ ቲም ሳማራስ ነው፤ ዕድሜውን በዚህ ጥናት የጨረሰ፣ በጥንቃቄው የሚታወቅ ሰው፣ ከልጁና ከሥራ ባልደረባው ጋር። ቶርኔዶው ባንዴ ሰፋ፣ አቅጣጫም ቀየረ።

ወንድሜ ዳላስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። የአውሎ ነፋስ ትንበያ ማዕከሉ እዚሁ ኖርማን ነው፤ የአደጋ ቀጣናውን ካርታ ከጠዋት ጀምሮ ያወጣል። አንተስ ያን ቀን ሙሉ ጭነት ይዘህ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

የትራክ ሾፌር፣ ዳላስ፦
አልቀየምም። ካርታውን ጠዋት አይቼዋለሁ። ሥራ የሚመድብልኝ ዲስፓቸር ሎዱ (ጭነቱ) ማታውኑ ይድረስ አለ፣ እምቢ ብል የሚቀጥለውን ሎድ ለሌላ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ሄድኩ።

ጡረተኛ ሾፌር፣ ዊቺታ፦
ይሄን ያልሠራ ሾፌር የለም ልጄ። በረዶ ሲጥል ድልድይ ሥር የሚቆሙትንም አንርሳ፣ የኛም ልጆች ያደርጉታል። መስመሩ ይዘጋል፣ ከኋላ ያለው በረዶውንም ቶርኔዶውንም እዚያው ቆሞ ይቀበላል። በሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማን በመቱት ቶርኔዶዎች ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ነፋሱ እዚያ ሥር ይበረታል እንጂ አይበርድም።

ነርስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፦
እኔ የምስማማበት ሕግ አለ። አሳዳጅ ሆነ ጎረቤት፣ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ካውንቲ ውስጥ የመኪና መንገድ ላይ የቆመ ከባድ ቅጣት ይቀጣ። ካሜራውን ሜዳው ላይ ይትከል።

የትራክ ሾፌር፣ ዳላስ፦
እሱን ሕግ ካወጡ የፈቃዱን ነገር እተወዋለሁ። ግን ፖሊሱ በዚያ ሰዓት የት ቆሞ ነው የሚቀጣቸው?

ተማሪ፣ ኖርማን፦
ብዙዎቹ የሚያደርጉትን ራሳቸው በቀጥታ ሥርጭት እያሳዩ ነው የሚነዱት። ቪዲዮው በማግስቱም አለ።