በፓይቶን የተጻፈ ሲስተም በሲ ላይብረሪ ክፍተት ሊጠቃ ይችላል?

ማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ላሉ ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች የሚያገለግል የክፍል ማስያዣ ሲስተም በቅርቡ ከሌላ ባለሙያ ተረክቤአለሁ። ኮዱ በሙሉ በፓይቶን የተጻፈ ነው። እንግዶች፣ በተለይ ለጥምቀት የሚመጡት፣ የፓስፖርታቸውን ፎቶ አስቀድመው ይልካሉ፤ ሲስተሙም በፒሎው ላይብረሪ ከፍቶ መጠኑን ያሳንስና ያስቀምጠዋል። ላይብረሪዎቹን በመፈተሻ መሣሪያ ሳይ፣ የተጫነው ፒሎው 9.5 ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት ከሚፈታው ከሊብዌብፒ ላይብረሪ ጋር የተያያዘ ከባድ የማህደረ ትውስታ ክፍተት እንዳለበት ተነገረኝ። የኡቡንቱን አፕዴቶች በሙሉ ጭኜ ብፈትሽም ማስጠንቀቂያው አልጠፋም። ፓይቶን ማህደረ ትውስታን ራሱ የሚያስተዳድር ቋንቋ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ክፍተት ከየት ይመጣል? አፕዴቱስ ለምን አላስወገደውም? የማረፊያዎቹ ባለቤቶች ጥምቀት ሳያልፍ ሲስተሙ እንዲነካ ስለማይፈልጉ፣ መቆየት ይቻል እንደሆነም አስተያየታችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

የአዘዞ ልጅ፦
የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ፒሎውን የፓይቶን ጥቅሎችን በሚጭነው በፒፕ ሲጭኑ አስቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ጥቅል ይወርዳል፤ ጥቅሉም የራሱን የሊብዌብፒ ቅጂ በውስጡ ይዞ ይመጣል። የኡቡንቱ አፕዴት የሚያድሰው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቅጂ ብቻ ነው፤ ፒሎው ደግሞ ወደዚያኛው ዞር ብሎም አያይም።

ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ ፒሎው ላዩ ፓይቶን ይሁን እንጂ ምስሉን የሚፈቱት በሲ ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎች ናቸው። በሲ ፕሮግራም የተወሰነ የማህደረ ትውስታ ቦታ ከተመደበ በኋላ፣ የሚጻፈው መረጃ ከወሰኑ አለማለፉን የሚያረጋግጠው ቋንቋው ሳይሆን ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ይፋ የሆነው የሊብዌብፒ ክፍተት ምንጩ ይኸው ነው። ጥራቱ ሳይቀንስ የተጨመቀ የዌብፒ ምስል የሚፈታው በሐፍማን ሰንጠረዦች (የተጨመቁ ኮዶችን ወደ ምስሉ መረጃ በሚመልሱ ዝርዝሮች) ሲሆን፣ ላይብረሪው ሰንጠረዦቹ ሊፈልጉ የሚችሉትን ትልቁን ቦታ አስቀድሞ አስልቶ ይመድብ ነበር። ስሌቱ ለትክክለኛ ፋይል ያስኬዳል፤ የኮዶቹ ርዝመት ሆን ተብሎ የተዛባ ፋይል ሲመጣ ግን ላይብረሪው ስህተቱን ከመለየቱ በፊት ከተመደበለት ቦታ አልፎ ይጽፋል። ከወሰኑ ማዶ ያለው መረጃ የፕሮግራሙን ቀጣይ እርምጃ የሚወስን ከሆነ፣ ፎቶውን የላከው ሰው በሰርቨሩ ላይ የራሱን ትእዛዝ ለማስፈጸም መንገድ ያገኛል። ማስተካከያው በሊብዌብፒ 1.3.2 ወጣ፤ ፒሎውም ከ10.0.1 ጀምሮ ይህንኑ ይዟል። ክፍተቱ መጀመሪያ የተመዘገበው በክሮም ስም ብቻ ስለነበር፣ ላይብረሪውን በውስጣቸው የያዙ ሌሎች ፕሮግራሞችም እንደሚመለከታቸው ወዲያው ግልጽ አለመሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሳሙና በር፦
በማብራሪያው እስማማለሁ፤ ሆኖም መፈተሻው ቀይ ባሳየ ቁጥር ሥራ ይቁም ማለት አይደለም። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል ፈጽሞ የማይደርስበት ላይብረሪ ላይ የተገኘ ክፍተት ወረፋውን ሊጠብቅ ይችላል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሲስተሙ ማንም ከየትም ሆኖ የላከውን ፎቶ ወዲያው ይከፍታል፤ በዚያው ሰርቨር ላይም የሌሎች እንግዶች ፓስፖርት ተቀምጧል። ስለዚህ ጥምቀት እስኪያልፍ ይቆይ የሚለውን ሐሳብ ባለቤቶቹ እንዲተዉት ቢያስረዷቸው ይሻላል። አዲሱ ፒሎው ተሞክሮ እስኪጫን ድረስ፣ ምስል የሚከፍተው ትእዛዝ ጄፔግንና ፒኤንጂን ብቻ እንዲቀበል እዚያው ትእዛዙ ላይ ይወስኑት። የፋይሉን ስም መጨረሻ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ፒሎው የምስሉን ዓይነት የሚለየው ከይዘቱ ስለሆነ፣ ዌብፒ በጄፔግ ስም ቢመጣም ይከፍተዋል። ፎቶ የማሳነሱን ሥራም የዳታቤዙን የይለፍ ቃል በማያውቅና ኢንተርኔት በማይደርስበት ሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ማራኪ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመሞከሪያ ማሽን ላይ ፒሎውን ወደ 10.0.1 ሳሳድገው፣ ፎቶ ማሳነሻው አንቲአልያስ የሚባል ነገር የለም ብሎ ቆመ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ፎቶ ማሳነሻውን ከተመደበ ቦታ አልፎ መጻፍን ራሱ በሚከለክለው በረስት ቋንቋ እንጻፈው ይላል።

አንገረብ፦
አንቲአልያስ የሚባለው የማሳነሻ ዘዴ ስም ከ10.0 ጀምሮ ከፒሎው ወጥቷል፤ በነበረበት ቦታ ላንዞስ ብለው ይተኩት፣ ውጤቱ አንድ ነው። 10.0.1 ላይ ግን አይቁሙ። በፒሎው በራሱ የሲ ኮድ ውስጥ፣ የቀለም ፕሮፋይልን በሚያስተናግደው ክፍል፣ ርዝመቱ ሳይለካ ጽሑፍ በመቅዳት የተፈጠረ ሌላ ክፍተት ተገኝቶ የተዘጋው በ10.3.0 ነው።

ረስትን በተመለከተ የባልደረባዎ ሐሳብ መሠረት አለው። ጉግል እንዳስታወቀው፣ በአንድሮይድ ከሚገኙ ክፍተቶች ውስጥ የማህደረ ትውስታዎቹ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል፤ የወረደው ግን አዲስ ኮድ እንደ ረስት ባሉ ቋንቋዎች በመጻፉ እንጂ አሮጌው ሁሉ ተጥሎ እንደገና በመጻፉ አይደለም። የረስት ጥቅሎች ናቸው ከሚባሉትም ውስጥ ያንኑ የሲ ላይብረሪ የሚጠሩ ስላሉ፣ ከመምረጣችሁ በፊት ዌብፒን የሚፈታው ኮድ በምን እንደተጻፈ ተመልከቱ። ለአሁኑ ፒሎውን ማሳደጉ ይበቃዎታል። ከጫኑት በኋላ ፒሎው ራሱ የሚያወጣውን ሪፖርት ከፍተው በዌብፒ መስመር ላይ ያለው ቁጥር 1.3.2 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ይዩ፤ መፈተሻው የሚያነበው የጥቅሉን ቁጥር እንጂ ውስጡ ያለውን ቅጂ ላይሆን ይችላል።