የጃቫስክሪፕት ማፕ በእርግጥ ፈንክተር ነው?

ጥያቄ፦ ["1", "2", "3"] ላይ ፓርስኢንትን (ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረውን ፈንክሽን) በቀጥታ ለማፕ (በአሬይ ማለትም በዝርዝር እያንዳንዱ አባል ላይ ፈንክሽን ለሚያስኬደው) ስንሰጠው የሚመጣው [1, ናን, ናን] ነው (ናን ማለት «ቁጥር አይደለም» ነው)። ማፕ የፈንክተርን (ቅርጹን ሳይለውጥ በውስጡ ባሉት ላይ ፈንክሽን የሚያስኬድ ነገር) ሕግ የሚያከብር ከሆነ ይሄ ከየት መጣ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማፕ ለፈንክሽኑ የሚያቀብለው 3 ነገር ነው፦ አባሉን፣ ኢንዴክሱን (ከ0 የሚጀምረውን የቦታ ቁጥሩን) እና አሬዩን ራሱን። ፓርስኢንት ደግሞ ሁለተኛውን የቁጥር ቤዝ አድርጎ ይወስደዋል። ቤዝ 0 እንዳልተሰጠ ስለሚቆጠር "1" በ10 ይነበባል። ቤዝ 1 አይፈቀድም። በቤዝ 2 ደግሞ 3 የሚባል አሃዝ የለም። አንድ ግቤት ብቻ የሚቀበል ፈንክሽን ጻፍና ፓርስኢንትን በውስጡ በቤዝ 10 ጥራው፤ ወይም ነምበር የሚባለውን ፈንክሽን ለማፕ ስጠው።

መልስ፦ ሕጉ የሚሠራው ባለ አንድ ግቤትና ከውጭ ምንም የማይነካ ፈንክሽን ላይ ነው። እንዲያ ከሆነ ሁለት ማፕ ማከታተልና ሁለቱን ፈንክሽን አዋህዶ አንዴ ማፕ ማድረግ ውጤታቸው እኩል ነው። የኋለኛው መሃል ላይ የሚፈጠረውን አሬይ ያስቀራል፤ ዳታው ትልቅ ሲሆን ይጠቅማል።

መልስ፦ ሪዲውስም (የአሬዩን አባላት ወደ አንድ ዋጋ የሚያጠቃልለው) ላይ ተጠንቀቁ። ያለ መነሻ ዋጋ ባዶ አሬይ ላይ ከተጠራ ታይፕኤረር (የዓይነት ስህተት) ይወረውራል። መነሻው የሞኖይዱ (አባላቱን የሚያዋህደው ስሌት) ገለልተኛ አባል፣ ማለትም ሌላውን ዋጋ የማይለውጠው፣ ይሁን፦ ለመደመር 0፣ ለማባዛት 1፣ ጽሑፍ ለማያያዝ ባዶ ስትሪንግ። ለማባዛት 0 ከተሰጠ ውጤቱ ሁሌም 0 ነው፤ ኤረር ስለማያሳይም ስህተቱን ማግኘት ይከብዳል።