የታለበ የጡት ወተት ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተባልኩ፣ ላፍላው እንዴ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም እናቶች። ልጄ 4 ወር ሞላው፣ ሥራ ልገባ ስለሆነ አሁን ጀምሬ በፓምፕ አልቤ ፍሪጅ አስቀምጣለሁ፣ የምትይዝልኝ እማዬ ናት። ትናንት የጡት ወተት ባክቴሪያ አለው ሲባል ሰምቼ ስነግራት እንደ ላም ወተት ድስት ላይ ጥዳ አፈላችው። በዛ ላይ ያደረው ላዩ ወፍራም ቅባት፣ ታቹ ውሃ መስሎ ሳገኘው ተበላሸ ብዬ ደፋሁት፣ እንባዬ ነው የመጣው ስንት ታግዬ ያለብኩት። እባካችሁ ምን ላድርግ?

የፒያሳ እናት፦
አይዞሽ የኔ እህት፣ እኔም በመጀመሪያ ልጄ ደፍቻለሁ። ሲቀመጥ ቅባቱ ይሰፍፋል በቃ፣ ጡጦውን ቀስ አርገሽ ወዝወዝ ስታረጊው ይቀላቀላል። ስታሞቂ ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ማይክሮዌቭ ግን በፍፁም፣ አንዱ ጋ ለብ ብሎ አንዱ ጋ ይፈላና የልጁን አፍ ያቃጥላል።

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ ባክቴሪያ መኖሩ እውነት ነው፣ ግን ጤነኛ እናት ወተት ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት ጠቃሚዎቹም አሉበት። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ ወተቱ ውስጥ የሚበዛው ኦሊጎሳካራይድ የሚባል ስኳር ነው፣ ልጁ ራሱ አይፈጨውም፣ አንጀቱ ውስጥ ያለው ቢፊዶባክቴሪየም ነው የሚበላው፣ እሱ ሲበዛ ደግሞ መጥፎዎቹ ቦታ ያጣሉ። ስታፈሉት እነዚህ ሕያው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ልጁን ከበሽታ የሚከላከሉለት ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ እና ላክቶፌሪንም ይበላሻሉ። የሌላ እናት ወተት የሚሰጡ የወተት ባንኮች እንኳ በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው የሚያሞቁት እንጂ አያፈሉትም። መፍራት ያለብሽ ከእጅና ከፓምፕ የሚገባውን ነው፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ወተት የሚነካውን ዕቃ በተጠቀምሽ ቁጥር እጠቢው። ያለጊዜው የተወለደ ወይ የታመመ ልጅ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ለእናትሽ እርጎም የሚረጋው በባክቴሪያ ነው በያቸው፣ ይገባቸዋል።

አዲስ አባት፦
እኛ ቤት ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል፦ ውጪ 4 ሰዓት (ቤቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ)፣ ፍሪጅ 4 ቀን፣ ፍሪዘር 6 ወር። ቀኑን ጻፊበት፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስገቢው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ! እርጎውን ስነግራት «እሱማ እውነት ነው» ብላ ድስቱን አነሳችው። ጠጥቶ የተረፈውስ?

አዋላጅ ነርስ፦
አፉ ስለነካው ጠጥቶ ከጨረሰ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋ። ትንሽ ትንሽ አርገሽ አስቀምጪ፣ ያኔ ብዙ አትደፊም።