«ደህና ሰንብች» ክፉ ቃል ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ እህቴ ለሥራ ወደ ቤሩት ልትሄድ ነው። ሻንጣዋን ስታሰናዳ «በቃ ደህና ሰንብች» ብላት እናታችን ተቆጣች። «ስንብት የሟች ነው፣ አታሟርትባት» አለችኝ። ቃሉ እውነት እንዲህ ከባድ ነው?

መልስ፦ እናትህ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። «ስንብት» የሚለውን ስም ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በክፉ ቦታ ነው። ሰው ሲሞት «ይህችን ዓለም ተሰናበተ» ይባላል። ሠራተኛም ከሥራ ሲወጣ «ተሰናበተ» ነው የሚባለው። ጆሮው ይህን የለመደ ወላጅ፣ ልጁን ባሕር ማዶ ሲሸኝ ቃሉን ቢሰማ መደንገጡ አይቀርም።

ግሡ ግን ሌላ ነው። «ሰነበተ» ከ«ሰንበት» ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን ቀናት ቆየ ማለት ነው። «ደህና ሰንብች» ሲባል፣ እስክንገናኝ ያለውን ጊዜ በደህና እለፊው ማለት ነው። መገናኘታችን አይቀርም ብሎ የተነሣ ምኞት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ አማርኛ ሲሰነባበት የመለያየቱን ርዝመት ይናገራል። ጠዋት ለሚለዩት ደህና ዋል። ማታ ለሚለዩት ደህና እደር። ቀናት ሊያልፉ ከሆነ ደህና ሰንብት። በሰኔ ተበትኖ በመስከረም ለሚመለስ ተማሪ ደግሞ ደህና ክረም። ሲገናኙም የሚጠያየቁት በዚያው ግሥ ነው፦ እንዴት ዋልክ፣ እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ እንዴት ከረምክ። በጋውን ለብቻው የሚቆጥሩም አሉ፤ «እንዴት ባጃችሁ» የሚል ሽማግሌ ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ከጣሊያንኛ የመጣው «ቻው» ይህን ሁሉ አይለይም። ከታክሲ ለሚወርድ ጓደኛም፣ ለዓመታት ለሚለይ ሰውም ያው ቻው ነው። ለጓደኛው ይሁን፤ ለእህት ግን አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ለእናትህ እሰጣቸዋለሁ። «ደህና ሰንብቱ» ይበልጥ የሚያምረው ከመንገደኛው አፍ ሲወጣ ነው። ቀሪው ለሚሄደው የሚለው የራሱ ምርቃት አለው፦ በሰላም ግቢ፣ በሰላም ይመልስሽ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ጨርቅ ማለት እዚህ ላይ እንቅፋት የሌለበት፣ ለእግር የሚመች ማለት ነው።

ሌላ አስተያየት፦ እኛ ቤት ደግሞ «ዓይን ለዓይን ያገናኘን» ይባላል። ዱባይና ጅዳ ያሉ እህቶቼ በየቀኑ በኢሞ ይታያሉ። እናቴ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ይህን ሳትል አትቀርም። በስክሪን መተያየቱን አልቆጠረችውም ማለት ነው።

መልስ፦ ትክክል። እሱን ምርቃት ጨምርበት ወንድሜ። አንተ «በሰላም ግቢ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን» በላት። «ደህና ሰንብቱ»ን እሷ ትበላችሁ፤ ያኔ እናትህም «አሜን» የሚሉ ይመስለኛል።