አሮጌ ሰንጢ አዳማ ውስጥ የት ይገኛል? ጥቆማ እፈልጋለሁ

የባቡር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በፍራንኮ ኢትዮጵያ ጊዜ (ፈረንሳዮች አብረው በያዙት ዘመን) ምድር ባቡር የገባ ሰው ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነው። ወጣት ሳለ ከኪሱ የማትለይ ሰንጢ ነበረችው። እጀታዋ እንጨት ነው። አንገቷ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ጠምዘዝ ሲያደርጋት ትቆለፋለች። ስለቷ ላይ ዘውድ ያለበት እጅ ተቀርጿል። ቤት ስንቀይር ጠፋች፤ እስከ ዛሬ ያነሳታል። ለፋሲካ እንደሷ ያለች አሮጌ ልገዛለት አስቤያለሁ። አዳማ ውስጥ ውራጅ ወይም ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ገበያው ይሻላል ወይስ ሱቆቹ? ዋጋውስ ስንት አካባቢ ነው?

ፍራንኮ ሰፈር፦
ሌላ ቦታ አትድከሚ እህቴ። ገበያው ውስጥ ብረታ ብረት የሚሸጥበት ጋ ጥግ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አባት አሉ። የድሮ ቁልፍ፣ ፋኖስ፣ የከሰል ካውያ፣ የማይገኝ ነገር የለም። እኔ ከእሳቸው ውጪ ከማንም አልገዛም። ሰው አያታልሉም።

የባቡር ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ሰንጢ አይተህ ታውቃለህ እሳቸው ጋ?

ፍራንኮ ሰፈር፦
ሰንጢ እንኳን አላየሁም። ግን ከሌላቸው ያስፈልጉልሻል። ሰውዬው እኮ ሌላ ናቸው።

ዘናዝሬት፦
ከሱቅ እንዳትገዢ። ዋና መንገድ ላይ ካሉት የስጦታና የጥንት ዕቃ ቤቶች በአንዱ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቤቱን አልጠራም። የቀንድ እጀታ ያላት፣ ጠቆር ያለች የምታምር ሰንጢ አሳዩኝ። «የጣሊያን ናት፣ በ1928 የገባች፣ ከአንድ አርበኛ ቤተሰብ ነው የገዛናት» አሉኝ። 4,500 ብር ጠርተው በ3,800 ጨረስን። ቤት ወስጄ ከስለቷ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር በጨርቅ ስጠርገው ለቀቀ። የጫማ ቀለም ነው! ከሥሩ በእንግሊዝኛ ቻይና የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቀንዱም ፕላስቲክ ነው። በማግስቱ ስመልስላቸው «የተሸጠ ዕቃ አንመልስም፣ አንተ ነህ የፋቅከው» ብለው ሰው ፊት ጮኹብኝ። ገንዘቡ ይቅር። በአርበኛ ስም መነገዳቸው ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ሶደሬ መንገድ፦
ኧረ ጉድ ነው። ወደ ሆቴሎቹ ስንሄድ በግራ በኩል ያለው ቤት ነው አይደል?

ዘናዝሬት፦
ስም አልጠራም ብያለሁ ወንድሜ።

የአዳማ ልጅ ነኝ፦
እኔንም እንደዚሁ አድርገውኛል፣ በጀበና። «የመቶ ዓመት ጀበና» ብለው ሸጡልኝ። ውሃ ስጨምርበት ያፈሳል። እኔም ቤቱን አልጠራም፣ ግን አንድ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ሶደሬ መንገድ፦
በግራ በኩል ያለው ነው ማለት ነው።

እናት ጓዳ፦
ልጆች፣ ስለ ቢላ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅ። የወጥ ቤት ቢላዬ ዶልዱሞ ሽንኩርት እንኳን እየጨፈለቀ ነው። አዳማ ውስጥ ደህና ቢላ የሚስል ማን አለ? ለፋሲካ በግ ይታረዳል፣ ከዚያ በፊት ቢሳልልኝ።

ዘናዝሬት፦
እማዬ፣ በብስክሌት የሚዞሩት አሉ። ፔዳል እየመቱ ድንጋዩን የሚያዞሩት። በየሰፈሩ እየጮኹ ያልፋሉ። ጥሩ ይስላሉ።

የአዳማ ልጅ ነኝ፦
አይ፣ ብረት በያጅ ጋ ውሰጂው። በኤሌክትሪክ መፍጫ በሁለት ደቂቃ ምላጭ ያደርጉልሻል።

ሞረድ፦
እባካችሁ መፍጫ ላይ አትስጡ። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ድንጋይ ብረቱን በጣም ያግለዋል። ስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ጥንካሬው ለቋል ማለት ነው። ያን ቀን ይቆርጣል፣ በሳምንቱ ይዶለዱማል። እማማ፣ ለወጥ ቤት ቢላ ባለ ብስክሌቱ በቂ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚዞር እንደዚያ አያግልም። ውሃ ጠብ እያደረገ እንዲስለው ይንገሩት። ለአሮጌ ሰንጢ ግን ባለ ብስክሌቱም አይሆንም። እሷን በእጅ፣ በለስላሳ ሞረድ ድንጋይ ነው።

እናት ጓዳ፦
ተባረክ ልጄ።

ቁምነገር፦
ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ እናንተ ለዛገ ሰንጢ 3,800 ብር ትከፍላላችሁ። ሱፐርማርኬት ግቡ፣ ቢላ በየመደርደሪያው ሞልቷል፣ ያውም አዲስ። ወይስ ሙዚየም ልትከፍቱ ነው?

የባቡር ልጅ፦
ለአባቴ ነው ያልኩት ወንድሜ። አዲስ ቢላ ቤታችን አለ።

የወታደር ልጅ፦
ቁምነገር፣ የአባት ዕቃ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚናገር። አባቴ ኮሪያ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቷል። በ1943 ከሄዱት ነው። ይዞ የመጣው የአሜሪካ ጦር ሰንጢ ዛሬም ቤታችን አለ። ሙሉው ብረት ነው፣ እጀታው ላይ ዩ.ኤስ. ተጽፎበታል። ጣሳ መክፈቻ አለው፣ ወስፌ አለው። ሰዎች ሊገዙኝ ጠይቀውኛል። አልሸጠውም። ለልጄ ነው።

ሶደሬ መንገድ፦
ፎቶ ልቀቅልን እስቲ።

የወታደር ልጅ፦
ማታ እለቃለሁ።

የወንጂ አገዳ፦
ወንጂ ሞክሪ። የስኳር ፋብሪካውን በ1946 የከፈቱት ሆላንዶች ናቸው። ሲሄዱ ዕቃቸው ተበትኖ በየሰው ቤት ቀርቷል። የድሮ መፍቻ፣ ሰዓት፣ ሳጥን ሬዲዮ አይቻለሁ። ሰንጢም አይጠፋም። የወንጂ ዕቃ አይዋሽም።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ወንጂ ድረስ ምን አስኬዳት? ያልኳቸው አባት የወንጂ ዕቃም ይመጣላቸዋል። እኔ የምናገረው አይቼ ነው።

የወንጂ አገዳ፦
ሰንጢ አላየሁም ብለህ አልነበር?

ፍራንኮ ሰፈር፦
ሰውዬውን አምናቸዋለሁ አልኩ እንጂ።

ሞረድ፦
የባቡር ልጅ፣ ጥያቄሽን ማንም በቅጡ አልመለሰልሽም። የምትፈልጊው ዕቃ ስም አለው። ኦፒኔል ይባላል። ፈረንሳይ አገር፣ ሳቯ በሚባለው ተራራማ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ይሠራል። ዘውድ ያለበት እጅ ምልክቱ ነው፣ ከ1909 ጀምሮ ይታተማል። ፍራንኮ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ኪስ ውስጥ የፈረንሳይ ሰንጢ መገኘቱ አይገርምም።

ዕድሜውን የምታውቂው ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከቀለበቱ ነው። ቀለበቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ስለዚህ ቀለበት ያለበትን «የጣሊያን ጊዜ ነው» ካሉሽ ትተሽ ሂጂ። ቀለበቱ ሰንጢው ሲከፈት ብቻ የሚቆልፍ ከሆነ አሮጌ ነው። ተዘግቶም የሚቆለፍ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ነው። አባትሽ የነበረችው እንግዲህ ከ1955 በኋላ የተሠራች፣ ተዘግታ የማትቆለፍ መሆን አለባት። ቀለበት ስለሌለው ብቻ ደግሞ አርጅቷል ማለት አይደለም። ትንንሾቹ፣ ከቁጥር 6 በታች ያሉት፣ ዛሬም ቀለበት የላቸውም። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው ኪስ ውስጥ የነበረው 8 ቁጥር ነው፣ ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር። አባትሽን በዘዴ መዳፉ ላይ ለክቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

ስትገዢ ከፍተሽ ስለቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወዝውዢው። ብዙ የሚወላገድ ከሆነ እንጨቱ ወይም ሚስማሩ አልቋል። ስለቱ መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀጠነ ደግሞ ብዙ ተስሏል፣ አይመለስም። ቀለበቱ የላላ ሰንጢ እጅ ይቆርጣል፣ እሱን ተይው። ጥቁረት ግን አያስፈራሽ። የድሮው ብረት ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ግራጫ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆናል። እሱ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ዝገት ቀይ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ያን ቀይ ብቻ በዘይትና በለስላሳ የብረት ሱፍ ቀስ ብለሽ አንሺ። ሻጩ «ላሳምርልሽ» ብሎ በመፍጫ እንዲያበራው በፍጹም እንዳትፈቅጂ። የእጁ ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደገዛሽ ማንም አይነግርሽም።

የባቡር ልጅ፦
ወይኔ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። አባቴ መዳፉ ላይ ሲያሳየኝ ከትንሹ ጣቱ እስከ ሌባ ጣቱ አልፎ ነው ያለኝ። ደስ ብሎት አንድ ሰዓት አወራኝ። ለመሆኑ የት ልፈልግ ታዲያ?

ሞረድ፦
ከሱቅ በፊት ቆራሌዎቹን አናግሪ። ከየቤቱ ዕቃ የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው፤ ገበያ ያለው ሻጭም ከእነሱ ነው የሚገዛው። ፎቶውን ስልክሽ ላይ አድርገሽ አሳያቸው፣ ስልክ ቁጥርሽን ስጫቸው። ግን «ብርቅ ነው፣ የአባቴ ነው» እያልሽ አታውሪ፣ ዋጋው እዚያው ይሰቀላል። ቀጥሎ ገበያ፣ በጠዋት። የስጦታ ዕቃ ቤቶቹን መጨረሻ ላይ። እዚያ የሚገኘው ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ዋጋውም ለእንግዳ ነው። ቴሌግራም ላይ ሰንጢ የሚሸጡም አሉ፤ ፎቶ ብቻ አይተሽ ብር እንዳትልኪ፣ የስለቱን ሥር በቅርብ አንስተው ይላኩልሽ።

የመርካቶ ሰው፦
አዳማ ላይ ጊዜ አታጥፉ። አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ምን አለሽ ተራ ግቢ፣ ስሙ ራሱ ይነግርሻል።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ምን አለሽ ተራ ያለው ሁሉ አዳማ አለ።

የመርካቶ ሰው፦
እሺ፣ የት?

ፍራንኮ ሰፈር፦
ያልኳቸው አባት ጋ።

ዘናዝሬት፦
ሞረድ፣ የኔዋን ልጠይቅህ። ብረቷ ላይ ስቴንለስ የሚል አለ። ይሄም የአዲስነቷ ምልክት ነው አይደል?

ሞረድ፦
እሱ ብቻውን አይበቃም። የማይዝግ ብረት እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ አለ። የስዊዝ ሰንጢ ሠሪው ቪክቶሪኖክስ እንኳን ስሙን ያገኘው በ1921 ከማይዝገው ብረት፣ ከኢኖክስ ነው። ያንተዋን የሚያጋልጣት ቻይና የሚለው ጽሑፍና ፕላስቲኩ ነው። ጣሊያን አገር ሰንጢ የሚሠሩ የታወቁ ከተሞች አሉ፣ ማኒያጎና ስካርፔሪያ። በኛ አቆጣጠር በ1928 ከጣሊያን የመጣ ሰንጢ ቻይና የሚል አይጻፍበትም። አዝናለሁ ወንድሜ።

ዘናዝሬት፦
እኔ እኮ ብሩን አይደለም። ሰው ፊት ነው የጮኹብኝ።

የአዳማ ልጅ ነኝ፦
ጀበናውንም እንዲሁ ነው ያሉኝ። «አንተ ነህ የሰነጠቅከው።»

አርሲ በር፦
አያቴ የተወልን አንድ አለ። ወፍራም፣ ከጎኑ እንደ ትልቅ መርፌ የሚወጣ ሹል ብረት ያለው። ብረቱ ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ቀስትና ዓመት ተቀርጿል። ምን ይሆን?

ሞረድ፦
የእንግሊዝ ጦር ነው። ቀስቱ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፣ ሹሉ ብረት የገመድ ቋጠሮ መፍቻ ነው። ዓመቱ የተሠራበት ነው። እንግሊዞች በ1933 ከጃንሆይ ጋር ሲገቡ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዳታስፍቀው፣ እንዳትሸጠውም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ማጠፊያው ላይ አድርግበት። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ቁምነገር፦
እሺ፣ ይሄኛው ደስ ይላል። እኛ ቤትም የአያቴ ሳጥን ውስጥ አንድ የታጠፈ ነገር አይቻለሁ። ቅዳሜ ከፍቼ አየዋለሁ።

የባቡር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሠፈራችን ቆራሌ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ደግሞ ገበያ እወጣለሁ። ካልተሳካ ፈረንሳይ ያለች ዘመዴ አዲስ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እንጨቱም ቀለበቱም ያው ነው ብላኛለች።

ሞረድ፦
አዲስም ቢሆን ጥሩ ነው። ስለቱ ላይ ካርቦን የሚለውን ትግዛ፣ ኢኖክስ የሚለውን፣ የማይዝገውን ሳይሆን። አባትሽ የሚያውቀው የሚጠቁረውን ነው። ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ታድርገው። በእጅ ሻንጣ ከያዘችው አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱባታል።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ቅዳሜ ያልኳቸው አባት ጋ ሳትደርሺ እንዳትገዢ። ፍራንኮ ሰፈር ነው የላከኝ በያቸው፣ ይቀንሱልሻል።

ሶደሬ መንገድ፦
የወታደር ልጅ፣ ፎቶው የት ደረሰ?

እናት ጓዳ፦
ባለ ብስክሌቱ ዛሬ በኛ ሰፈር አለፈ፣ ሳልደርስበት። በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው?