ትሬሎር ይቆጨናል ወይስ አይቆጨንም? ክርክር

ማግፓዩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንጨቃጨቅበት ከርመን ስላልተግባባን ወደናንተ ላምጣው ብዬ ነው። ኮሊንግዉድ በ2020 አዳም ትሬሎርን በብር ምክንያት ለዌስተርን ቡልዶግስ አሳልፎ መስጠቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ፉቲ (የአውስትራሊያን እግር ኳስ) ለማትከታተሉ ባጭሩ፣ ልጁ የመሀል ተጫዋች ነው፣ ኳሷን ይዞ አንዴ ከተፈተለከ የሚደርስበት የለም፣ በ2015 መጨረሻ ጂደብሊውኤስ ከሚባለው ክለብ ስናመጣው ሁለት የአንደኛ ዙር ድራፍት (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጫ ቁጥር) ከፍለንበታል። በ2020 ዕድሜው 27፣ ኮንትራቱ እስከ 2025፣ ራሱ ደሞ የትም አልሄድም እዚሁ ነኝ እያለ ነበር። ክለባችን ግን የደሞዝ ካፑ (ጣሪያው) ሞልቶ ስለፈሰሰበት ውጣልን አለው፣ ኖቬምበር 12 የትሬድ (የተጫዋች መለዋወጫ) ሰዓት ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሸኙት። በምላሹ ያገኘነው 14 ቁጥር ድራፍትና የሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ዙር ነው፣ እሱም 26፣ 33 እና 42 ቁጥርን መርቀንላቸው፣ ደሞዙም ላይ በየዓመቱ 300 ሺህ ዶላር ገደማ እኛው እንደምንጨምር ነው ሲዘገብ የነበረው። ማለት ልጁን ሰጥተን፣ ምርቃት ጨምረን፣ ወስደው ለሚያጫውቱት ሰዎች ቀለብ ቆርጠን። እኔ እስካሁን ያንገበግበኛል። እናንተስ?

የፐርዙ፦
እኔ የምለው ኮሊንግዉዶች የሚያንገበግባችሁ ነገር በዛ እኮ። 2018ን ጨርሳችሁ ነው ወደ 2020 የገባችሁት? ዶም ሺድ ሰላም ብሏችኋል ሃሃሃሃ

ማግፓዩ፦
በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት አንተ ነህ። ለማታውቁት ይሄ ሰውዬ የዌስት ኮስት ደጋፊ ነው፣ በ2018 ግራንድ ፋይናል (የዋንጫው ጨዋታ) በ5 ነጥብ በልተውናል፣ ዶም ሺድ ማሸነፊያዋን ጎል ያገባብን ልጅ ነው። ትሬሎር እኮ በዚያ ዓመት ሁለቱንም እግሩን የኋላ ታፋው ላይ ተጎድቶ ስንት ጊዜ ከሜዳ ርቆ ለፋይናሎቹ ተሯሩጦ የደረሰ ልጅ ነው። እንደዛ የሆነልንን ሰው ነው የሸኘነው።

አዲሳባ፦
ወንድሞች ይቅርታ፣ እኔ ይሄን ጨዋታ ቲክቶክ ላይ አንዱ የአንዱ ትከሻ ላይ ሲወጣ ነው ያየሁት። ኮሊንግዉድ ትልቅ ክለብ ነው ትላላችሁ አይደል፣ ደጋፊው ብዙ ብሩ ብዙ፣ ታዲያ ለአንድ ልጅ ደሞዝ መክፈል እንዴት ያቅተዋል? ማን ሲቲ እንደዛ ያረጋል?

ሂሳብ ሹም፦
ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ኤኤፍኤል (የፉቲ ሊጉ) እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አይደለም፣ ክለቦቹ 18 ናቸው፣ ለተጫዋች የሚከፍሉት ጣሪያ እኩል ነው። ኮሊንግዉድ ካዝናው ቢሞላም ከጣሪያው በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ጥያቄው ብር አለ የለም ሳይሆን ከዚያችው ለማን ስንት ቆርሰህ ሰጠህ ነው። እነሱ ምን አደረጉ፣ ዋንጫ በቅርብ ይመጣል ብለው በየኮንትራቱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቀለል አድርገው ከባዱን ክፍያ ወደ ኋለኞቹ ዓመታት ገፉት። እቁቡን ገና በመጀመሪያው ዕጣ ወስዶ እንደጨረሰ ሰው ማለት ነው፣ ብሩ አልቋል፣ መጣሉ ግን ገና አለ። ዋንጫው አልመጣም። 2020 ላይ ኮሮና ገባና የሊጉ ገቢ ራሱ ተናጋ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ለረጅሙ ተጫዋቻቸው ለብሮዲ ግራንዲ የሰባት ዓመት ኮንትራት ፈርመውለታል፣ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል ነው የተባለው። ዴይን ቢምስንም በ2018 መጨረሻ ከብሪዝበን በከባድ ዋጋ መልሰው አምጥተውት ብዙም ሳይጫወት በ2020 በጤና ምክንያት አቆመ፣ የእሱን ማንም አይፈርድበትም። ብቻ ሁሉም ተደራርቦ መጣ። እና የሄደው ትሬሎር ብቻ አይደለም፣ ጄይደን ስቲፈንሰን ወደ ኖርዝ ሜልበርን፣ ቶም ፊሊፕስ ወደ ሆቶርን፣ ፊሊፕስን የሸጡት በ65 ቁጥር ድራፍት ነው። በ65! ይሄ ሽያጭ አይባልም፣ ዕቃ ከቤት ማውጣት ነው።

አዲሳባ፦
አሃ ገባኝ። እኛም ጋ 50 ሺህ ብር ጣሪያ ተብሎ ነበር፣ ከዚያ በጠረጴዛ ስር ተብሎ ስንት ወሬ...

ማግፓዩ፦
አቦ የኛን ሀገር ፌዴሬሽን እንዳታመጣብኝ፣ እሱን ከጀመርን ዛሬ አንተኛም።

ታክሲው፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን እኮ መልሱን ራስዎ ሰጡት። እዳ ነበረ፣ እዳ መከፈል ነበረበት፣ ተከፈለ፣ አለቀ። ከዚያ ምን መጣ? 2022 አሰልጣኙ ክሬግ ማክሬ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን አራተኛ አርጎ ጨረሰ፣ ከግራንድ ፋይናል የቀረነው በሲድኒ በ1 ነጥብ ተበልተን ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶም ሚቸል መጣ፣ ቦቢ ሂል መጣ፣ ማክስቴይ መጣ። 2023 ላይ ብሪዝበንን 90 ለ 86፣ ኤምሲጂ ስታዲየም ከ100 ሺህ ሰው በላይ፣ ሂል አራት ጎል አግብቶ የጨዋታው ምርጥ የሚሸለመውን የኖርም ስሚዝ ሜዳልያ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ካፑ ታንቆ ቢሆን እነዚህን ሰዎች በምን ታመጣ ነበር? ዋንጫ በልቶ የሚቆጭ ደጋፊ እናንተ ጋ ብቻ ነው ያየሁት። ነገ ደሞ ዋንጫዋ ለምን በጣም አብለጨለጨች ትላላችሁ።

ማግፓዩ፦
ዋንጫውን ትሬሎርን ስለሸጥን ነው ያገኘነው እያልክ ነው? ኒክ ዳይኮስ የመጣው አባቱ ፒተር የክለቡ ሰው ስለነበረ በአባትና ልጅ ህግ ነው፣ ጆሽም እንደዛው። ፔንድልበሪና ሳይድቦተም ከድሮም ነበሩ። በዚያ በ2020 ድራፍት ከወሰድናቸው ልጆች ትልቁ ስም ኦሊቨር ሄንሪ ነበር አይደል፣ እሱ በሁለት ዓመቱ ጂሎንግ ነኝ ብሎ ሄደ። 2021 ደሞ 17ኛ ነው የወጣነው፣ ከ18 ክለብ 17ኛ! አሰልጣኙ ባክሊም በጁን ለቀቀ። እዳው ተከፍሎ አለቀ ላልከው፣ ግራንዲን ምን አረግነው? ለእሱ ኮንትራት ቦታ ስናጣ ሌላ ሰው ገፋን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ግራንዲን ለሜልበርን ሰጠነው፣ እዛም ላይ ከደሞዙ እየጨመርን። ሁለቱንም አጣን፣ ለሁለቱም ከፈልን። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ እንጂ ዋንጫውንማ ማን ጠላ።

ታክሲው፦
ግራንዲ ሲሄድ እኮ ካሜረንና ሜሰን ኮክስ በእሱ ቦታ ሰርተውታል፣ ዋንጫውን ይዘው የቆሙት እነሱ ናቸው። ለአንድ ረጅም ሰው ያን ሁሉ ብር ማሰር ቂልነት እንደነበረ ታየ። እኔ የምለው ስህተቱ ግራንዲን ማስፈረሙ ነው፣ ትሬሎርን መሸጡ መድሃኒቱ ነው።

ማግፓዩ፦
መድሃኒቱን የጠጣው ግን ያልታመመው ሰው ነው።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
ወንድሞች እኔ የቡልዶግስ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር የማነበው፣ ግን አላስቻለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ እዚህ ግን ውሻው በልቶ ሄዶ ነው ጩኸቱ ሃሃሃ። እስቲ የኛን በኩል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኮሊንግዉዶች ሲያወሩት 14 ቁጥር ከፍለው ወሰዱት ይላሉ። እኛ ያኔ ጀማራ ኡግል ሄገን በራሳችን አካዳሚ ያለፈ ልጅ ነበረን፣ ህጉ ደሞ ሌላ ክለብ በፈለገው ቁጥር ሲጠራው ነጥብ ከፍለህ ትወስደዋለህ ነው፣ እያንዳንዱ የድራፍት ቁጥር ነጥብ አለው፣ ልጁ አንደኛ እንደሚጠራ ደሞ ሀገር ያውቃል፣ አዴሌድም 1 ቁጥር ላይ ጠራው። ስለዚህ 14ቷን ብንይዛትም ለጀማራ ነጥብ ስንከፍል ትበላ ነበር። 26፣ 33 እና 42 ደሞ ሲደመሩ ነጥባቸው ከ14ቷ ይበልጣል። አሁን ገባችሁ? ለጀማራ የሚሆነውን ነጥብ የሰጣችሁን እናንተ፣ ላዩ ላይ ትሬሎርን የመረቃችሁን እናንተ፣ ደሞዙን የምታግዙ እናንተ። የኛ መሀል ሜዳ ቦንቴምፔሊ፣ ሊበራቶሬ፣ ጃክ ማክሬ ተብሎ ሞልቶ ነበር፣ ልጁ የግድ አላስፈለገንም፣ ርካሽ ስለሆነ ነው የወሰድነው። በቀጣዩ ዓመት በ2021 ከእሱ ጋር ግራንድ ፋይናል ደረስን፣ እናንተ 17ኛ።

የፐርዙ፦
ያን ግራንድ ፋይናል እኛ ከተማ ነው የተጫወታችሁት፣ በ74 ነጥብ ነው በሜልበርን የተደበደባችሁት፣ እሱንም ጨምረህ ጻፍ እንጂ።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
ደርሶ መደብደብ እና ቤት ተቀምጦ ማየት ይለያያል ወንድሜ። ደሞ ይሄ ክለብ ለኛ ሌላ ነገር ነው፣ እስከ 1996 ስሙ ራሱ ፉትስክሬይ ነበር፣ ከሜዳችን ከዊተን ኦቫል ወረድ ብትሉ ሀበሻ ምግብ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ የበርበሬና የእንጀራ ሱቁ ነው። ሰፈሬ ነው፣ ስለዚህ ገለልተኛ ሆኜ እንድከራከር አትጠብቁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁም ቁጥር ቁጥር ትላላችሁ፣ ሰውየው የት ሄደ? ያ ልጅ በዚያ ዓመት ነው ሴት ልጅ የወለደው፣ የልጅቷ እናት ኔትቦል ተጫዋች ናት፣ ሥራ ኩዊንስላንድ አግኝታ ልትሄድ ነው፣ እሱ ሜልበርን ሆኖ ኮንትራቱን ሊጨርስ ወስኗል። ይሄ የሁለት ሰዎች የቤታቸው ጉዳይ ነው። እሱ ነገር ሚዲያ ላይ ወጥቶ ከቤተሰቡ ርቆ እንዴት ይችላል ተብሎ ለመሸጫ ምክንያት ሲሆን ስሰማ በጣም ነው የከበደኝ። ብር አጠረን በሉ፣ ይገባናል። የሰው ትዳር ምን አገባችሁ? ልጆቼ ኦስኪክ (የልጆች ፉቲ) ይሄዳሉ፣ ትልቁ የኮሊንግዉድ ማሊያ ነው የሚለብሰው፣ ጀርባው ላይ የማንን ቁጥር ላርግለት ስለው እንዳይሸጡት የማይሸጥ ሰው ምረጪልኝ አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው።

ታክሲው፦
እህቴ ልጅሽ ከኛ ሁሉ በልጧል። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ኤኤፍኤል ውስጥ ኮንትራት ያለው ተጫዋች ራሱ ካልተስማማ አይሸጥም፣ አሜሪካ እንደሚደረገው ማታ ተኝተህ ጠዋት ሌላ ከተማ አትነቃም። ትሬሎር እምቢ ማለት ይችል ነበር። ፈርሟል።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይፈልጉህም ተብሎ እየተነገረህ፣ ከዚያ ስምምነት ነው ይባላል? አንተ አለቃህ በየቀኑ መቼ ነው የምትሄደው እያለህ አምስት ዓመት ትቀመጣለህ?

ታክሲው፦
ታክሲ ነው የምነዳው፣ አለቃዬ እኔው ነኝ ሃሃሃ። ግን ገብቶኛል።

ሂሳብ ሹም፦
እሷ ያነሳችው ነገር ከሁሉ ይበልጣል፣ ስቃችሁ አትለፉት። ህጉ ለተጫዋቹ መብት ሰጥቷል፣ ወረቀት ላይ። ክለቡ ግን በሩን አይዘጋም፣ ወንበሩን ነው የሚያነሳብህ። የማይፈለግ ሰው ሆነህ በሚቀጥለው ዓመት ሜዳ ላይ ማን ኳስ ያቀብልሃል? ስለዚህ መብቱ አለ የሚለው ክርክር እኔን አያሳምነኝም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ ክለቦች ትልቅ ደሞዝ ያለውን ተጫዋች ያለፈቃዱ መሸጥ ይፈቀድልን እያሉ ነው፣ ይሄ ቢፀድቅማ ትሬሎር ያቺን ለድርድር የያዛትን ጥቂት ቀን እንኳን አያገኛትም ነበር።

ቡናማና ወርቅማ፦
እኔ የሆቶርን ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልበል። ስለ መቆጨት ከሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2013 ዋንጫ በልተን ገና ጭፈራው ሳያልቅ በዲ ፍራንክሊን ለዘጠኝ ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ሲድኒ ሄደ። እኛ ያንን አንከፍልም አልን። ያኔ ሰው አለቀሰ፣ ሲድኒ ለከተማ ኑሮ ውድነት ተብሎ በካፑ ላይ ተጨማሪ ብር ነበራት፣ ተሰደበች። ከዚያስ? 2014 ግራንድ ፋይናል እሱ ያለበትን ሲድኒን በ63 ነጥብ አሸነፍን፣ 2015ም ደገምን። እሱ ሲድኒ ሆኖ ሦስት ግራንድ ፋይናል ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ። ግን በ2022 ሺኛ ጎሉን አግብቶ ህዝቡ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ይሄ የኛ ማሊያ መሆን ነበረበት ብዬ ነው ያየሁት። ዋንጫ ቁጭትን አያጠፋም፣ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። የናንተ የሚለየው በዲ የሄደው ራሱ መርጦ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ መናደጃ ሰው አለን። ትሬሎር ላይ ማንን ትናደዳላችሁ? ልጁን? ኑሩ ያላችሁትን የሚኖር ሰው ነበር።

ማግፓዩ፦
ይሄ ነው የኔ ነጥብ! ከባልደረባዬ ጋር የሚያጨቃጭቀንም ይሄ ነው፣ እሱ ውጤቱን ይቆጥራል፣ እኔ አሸኛኘቱን። ካፑ ሞልቶ ከሆነ ካፑን የሞላው ትሬሎር አይደለም፣ የፈረሙለት ሰዎች ናቸው፣ እስከ 2025 ብለው ያስፈረሙት ራሳቸው። በራሳቸው ፊርማ ላይ የማይቆም ክለብ ነገ ለሌላ ልጅ ታማኝ ሁን ሲል በምን አፉ ነው?

ታክሲው፦
በዋንጫው አፍ። ዋንጫ ያለው ክለብ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ይሄው ነው። ልጆች እየመጡ ነው አይደል? ማንም ትሬሎርን እንዲህ አርጋችኋል ብሎ የቀረ የለም። አይቆጨኝም ብያለሁ፣ አይቆጨኝም።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
እሺ እናንተ ተጨቃጨቁ። እኔ ግን አንድ ማስታወሻ፣ ልጁ በ2024 በ31 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦል አውስትራሊያን (የዓመቱ ምርጥ ቡድን) ውስጥ ተመረጠ፣ ያውም በኛ ማሊያ። ያ ኮንትራት ደሞ እስከ 2025 ነበር አላላችሁም? እንግዲህ ያን ዓመትም ከደሞዙ ያዋጣችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ማግፓዩ፦
አድሚን ይሄን ልጅ ለአንድ ሳምንት አግደው በናትህ።